ንጉሡ ያለቦታው የቆመበት መጽሐፍ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ ጠዋት

ብርድ። ጣቴ አያነብም። የሻይ ብርጭቆ ላይ አሙቄ ሁለት መስመር አነባለሁ፣ መልሶ ይደነዝዛል። አሰላ እንዲህ ናት፤ ዓይን ለሌለው ሰው ጣቱንም ትነሳዋለች።

ዛሬ ክፍለ ጊዜ የለኝም። የቼዝ መጽሐፋችን ተባዝቶ ከአ/አ መጣ! ብሬሉን በሙቀት ፕላስቲክ ላይ የሚገለብጥ ማሽን አላቸው አሉ። የትምህርት ጽ/ቤቱ አንድ ቅጂ ላከልኝ። ፕላስቲኩ ጣት ላይ ያሟልጫል፤ ይሁን። ጽሑፉን በብሬል ነጥብ በነጥብ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ከድር ከእንግሊዝኛው እያነበበልኝ፣ አብረን ወደ አማርኛ እየመለስን። ከድር የሒሳብ መምህር ነው፣ የዚሁ የአሰላ ልጅ፣ ዓይናማ። እኔን ብሎ ብሬል የተማረ ሰው። ሥዕሎቹን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ወጋቸው። የቼዝ መጽሐፍ ያለ ሥዕል ምኑን መጽሐፍ ሆነ? ጽሑፉ «ነጭ ይጫወታል፣ በሁለት እርምጃ ማት» ብሎ ዝም ይላል። ማን የት እንደቆመ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ መጫወቻ በአንድ ፊደል፣ በየቤቱ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ በዚህ ቤት ብሬል የሚያነብ የለ። ሥዕሎቹ ወደ አ/አ የሄዱት ሳልነካቸው ነው። ልፈትሻቸው ፈልጌ ነበር። ከድር አንድ በአንድ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ አታስብ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ የለፋን ሰው፣ እስቲ አምጣ ልፈትሽህ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ተውኩት።

ሃዊ ዛሬም መጣች፤ መቼ ነው የሚሰጡን ትላለች። ከጢቾ የመጣች ዓይነ ስውር ተማሪዬ ናት፣ አሥረኛ ክፍል። የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ደርሷት አያውቅም፤ በሰው አፍ እየተነበበላት ነው እዚህ የደረሰችው። የራሷ የምትለው የመጀመሪያ መጽሐፍ ይሄ ነው። ቅዳሜ አልኳት። ዘለለች መሰለኝ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ ከሰዓት

የመጀመሪያውን ሥዕል የቼዝ ሰሌዳዬ ላይ ደረደርኩ። መልሱ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ጥቁሩ ንጉሥ ቀኝ ጥግ ተደብቋል ይላል። ጣቴ ግራ ጥግ ያገኘዋል። ጣቴ ነው ብዬ እንደገና። ሻይ። እንደገና። ጃጀሁ እንዴ? ወደ ሁለተኛው ሥዕል ሄድኩ። ያው ነው። ሦስተኛው። ያው! ከዚያ ገባኝ።

ብሬል በእጅ ሲጻፍ የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ወረቀቱ ይገለበጣል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከድር እያንዳንዱን ፊደል አስተካክሎ ገልብጦ ወግቷል። ሰሌዳውን ግን መጽሐፉ ላይ እንዳየው ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሮታል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ሆነ። ፊደሉ ልክ፣ ሰፈሩ ስህተት። በዓይኑ ቢያየውስ ምን ይታወቀዋል? የሚያየው በወጋበት በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ሁሉም ልክ ነው።

ነግሬው ነበር? ፊደሉን ነግሬዋለሁ። የሥዕሉን... የነገርኩት ይመስለኛል። እንጃ።

እስከ መጨረሻው ሄድኩ። አንድ እንኳ የተረፈ የለም። ወይ ነዶ! ክረምቱን ሙሉ!

ኅዳር 5፣ ዓርብ ጠዋት

ጽ/ቤት ነበርኩ። ኃላፊው ክንዴን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ እንደ ዕቃ። ነገርኩት። ሥርጭቱ ይቁም አልኩ፤ መጽሐፉ ለእኛ ት/ቤት ብቻ አይደለም፣ ለበቆጂም ለኢተያም ይሄዳል። ጽሑፉ ልክ ነው አይደል አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ታዲያ ሥዕሉ ለዓይነ ስውር ምን ይሠራለታል አለኝ!

ከልቡ እኮ ነው። ክፉ ቢሆን በተገላገልኩ፤ ሰደብኩት ብዬ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ደግ ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝ፣ ስኳሩን ሳይቀር አማሰለልኝ። ነገ ምረቃ ነው፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ኬክ ታዟል፣ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ «ብርሃን ለሁሉም» ይላል አሉኝ። ይበል።

ያው ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ከከድር ቤት መመለሴ ነው። ነገርኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁ፣ ደጋግሞ። ወላሂ አለ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ቱግ አለ። አንተ ባለቤቱ ለምን አልፈተሽክም አለኝ። አንተን አፍሬ ነው ልለው ነበር፣ አላስጨረሰኝም። ያጎረሰ እጅ ተነካሽ ነው አለኝ።

እሷን ዋጥኳት። መረረችኝ ግን። ያጎረሰ! ታዲያ እኔ ጎራሽ ነኛ? አብረን የምንሠራ መስሎኝ ነበር እኮ፣ የእኔ ቂል!

ቆይቶ ድምፁ ለሰለሰ። እናቱ ለምረቃው ከኢተያ እየመጡ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቤት ተዘግተህ ምን ትጠቀጥቃለህ እያሉ በስልክ ሲወቅሱት የኖሩ ናቸው፤ አሁን ሊያዩለት ነው። የነገን ብቻ እለፈኝ፣ ከዚያ እናስተካክላለን አለኝ። ከዚያ። በዕድሜዬ «ከዚያ» መጥቶ አላየሁም። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። እንደ ወትሮው እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ ከሰዓት

አፌን በቆረጠው።

ግቢው ሙሉ ነበር። ሙዚቃ፣ ጭብጨባ፣ ካሜራ። ፎቶ ላይ ፈገግ በል ይሉኛል፣ ወዴት እንደምስቅ ማን ይንገረኝ። የዞኑ እንግዳ ስለ እኛ ረጅም ንግግር አደረገ፤ «እነዚህ ወገኖች» ይለናል፣ አጠገቡ ተቀምጠን። ከዚያ ስሜ ተጠራ። ማይክ እጄ ላይ ገባ። ልናገር ነበር፣ ስሚኝ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከድር ደረጃውን ሊያወጣኝ ክንዴን ይዞኛል። ከፊት ረድፍ አንዲት አሮጊት እልል አሉ። እናቱ ናቸው።

ግሩም መጽሐፍ ነው አልኩ። ሥዕሎቹን ጓደኛዬ ከድር በዓይኑም በልቡም ነው የሠራቸው አልኩ። ሥዕሎቹን! ማን ጠየቀኝ? አንዴ ከጀመርኩ አፌ ብቻውን ነጎደ። አጨበጨቡ። ከድር ጆሮዬ ላይ አላህ ይስጥህ አለኝ። ምን ይስጠኝ?

ሃዊ መጽሐፉን ታቅፋ መጣች። ኬክ አልፈለገችም፣ እጇ እንዳይቆሽሽና መጽሐፉን እንዳታጨማልቀው። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ውሸት አይደለም፣ አሞኛል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ 9 ሰዓት

ሃዊ መጽሐፉን መለሰችው።

የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠራችኝ። መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና ለጎበዝ ልጅ ስጡልኝ አለች። ምነው አልኩ። ሂን ዳንዳኡ፣ አልችልም፣ አለችኝ በኦሮምኛ፤ ሲከፋት አማርኛውን ትተወዋለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ስትደረድር ኖራለች። ጣቷ የሚነግራትና ጽሑፉ የሚላት አልገጥም አላት። ጣቴ ደንቆሮ ነው አለች። የክፍል ጓደኞቿም ቼዝ የዓይናማ ጨዋታ ነው ብለዋታል፤ እውነታቸውን ነው መሰለኝ ቲቸር አለችኝ። ይቺ ልጅ ባለፈው ወር ዓይናማዎቹን ተራ በተራ ስታሸንፍ አጠገቧ ነበርኩ።

እዚያው ነገርኳት። ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፣ ሰሌዳው ተገልብጧል፣ ጣትሽ ልክ ነው አልኳት። ሳቀች፣ የሚያባብላትን ሰው እንደምታባርር አድርጋ። ቲቸር፣ ቅዳሜ በማይክ ግሩም ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም? አለች። አሁን እንዳይከፋኝ ብለው ነው። ምን ልበላት? ቁጭ በይ፣ አብረን እንደርድር አልኳት። ክፍል አለኝ ብላ ሄደች። የዱላዋ ድምፅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆምኩ።

የበቆጂዎቹም አሁን ይሄኔ ጣታቸውን እየረገሙ ነው። የኢተያዎቹም። ቼዙ ይቅር። ደደብ ነን ብለው ያድጉበታል፣ እኔ መርቄላቸው።

ያው ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

ነገ ጠዋት ባንዲራ ሰልፍ ላይ ማይኩን እጠይቃለሁ። ካልሰጡኝ በባዶ ጉሮሮዬ እጮኻለሁ። ሥዕሎቹ በሙሉ ግራና ቀኛቸው ተዛውሯል እላለሁ። ቅዳሜ ያልኩት ውሸት ነው፣ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት እላለሁ። ለበቆጂና ለኢተያ ት/ቤቶችም እደውላለሁ። ጽ/ቤቱ የፈለገውን ይበለኝ።

ከድር ከሰው አፍ እንዳይሰማው ብዬ ደወልኩለት። ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከኋላው ማነው የሚል ድምፅ መጣ፣ ስልኩን ተቀበሉት፤ እናቱ ናቸው፣ ገና አልተመለሱም። ልጄን በሰው ፊት ከፍ አደረግክልኝ፣ አላህ አንተንም ከፍ ያድርግህ ብለው መረቁኝ፣ ረጅም ምርቃት፣ ግማሹ በኦሮምኛ።

አሜን አልኳቸው። ነገ ግን እናገራለሁ።