አጎትህ ያመጣት የነጻ ትኬት

ለውድ ልጄ፤ ጤናውን አብዝቶ ይስጥህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ፣ የሰው አገር አይክበድህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህን ሳሉ ለቋታል፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠግኗል።

አባትህ ግን ስታዲየም መግባት ትቷል። ክለቡ የትኬት ዋጋ ደጋግሞ ጨመረ፤ የጨመረው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ ሥራ አስኪያጁ ወንድሜ፣ አጎትህ ነው። ባለፈው እሁድ አባትህ ከብየዳ ቤት ጓደኞቹ ጋር ትኬት መስኮቱ ደርሶ ዋጋውን ሲጠይቅ፣ ሻጩ «ያልቻለ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ይይ» አለው። ጎል በገባ ቁጥር ሰፈሩን የሚያናውጠው ሰውዬ ጓደኞቹን ይዞ ከመስኮቱ ተመለሰ።

በማግስቱ አጎትህ እየሳቀ መጣና የነጻ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አባትህ «ለጓደኞቼስ?» አለው።

«ለሰፈሩ ሁሉ ማደል አልችልም። አንተ ቤተሰብ ነህ።»

«እንግዲያው ውሰዳት። እነሱ ውጭ ቆመው እኔ ውስጥ አላጨበጭብም።»

አጎትህ ወደ እኔ ዞሮ «ባልሽን ምከሪው እንጂ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ያሳደገህን ሰፈር በር ላይ አስቁመህ የምን ምክር ነው?» ብዬ ትኬቷን ኪሱ ከተትኩለትና በሩን ከፈትኩለት። ዋጋውን ለሁሉም ሳያወርድ ደጄን አይረግጥም።

አንተ በደንብ ልበስ፣ በባዶ ሆድ ሥራ አትግባ። ደግሞ ልጄ፣ አጎትህ «ከእናትህ አስታርቀኝ» ብሎ ይደውልልህ ይሆናል። ሰላም በለው፣ አጎትህ ነው፤ ሽማግሌ ግን አትሁንለት። ክፉ አይንካህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ።

እናትህ