በሳፋ የለወጥኩት ቦርድ

ይድረስ ለታድዬ፣

ለሄደ ሰው እንደምን አለህ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደብዳቤ ያለሱ መጀመር አልሆንልኝ አለ። እንደምን አለህ? ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል፤ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ስላንተ ሲያወራ ዋለ፤ ግማሹ ውሸት ነበር፤ ደስ ግን ይል ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ጥፋት አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ስንቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲክድ እንደሰማሁ ስነግርህ ትስቅ ነበር። እኔ አልክድም። ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛም ነኝ። ብቻ ከፍርዱ በፊት ነገሬን ጨርሰህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፤ አንተ ከየቦታው የተጣለ ጌም ማሽን እየለቀምክ ቤቴን ሞላኸው። እነሱ ሁሉ ደህና ናቸው። የጆተኒው በረኛ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ጓደኛህ ኑረዲን እንጨት ጠርቦ ሠራለት። አሁን ግቢው ውስጥ ከዳሱ ስር ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ ሲመለስ አንድ ጎል ሳያገባ ቤቱ አይገባም። የመኪና መሪ ያላትም ትሠራለች፤ ወደ ግራ መጎተቷን ግን አልተወችም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው ሲነዷት ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር። ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው።

ጥፋቴ ያለው አውሮፕላኗ ላይ ነው።

ትዝ ይልሃል ተክለ ሃይማኖት ያለው ኬክ ቤት? ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ ልጠጣ ገብቼ፣ ጥግ ላይ የቆመችው የአውሮፕላን ጨዋታ ዓይኔን ሳበችውና ሃምሳ ሳንቲሜን ከተትኩላት። ሳንቲሜን ዋጠች፤ አውሮፕላን የለ፣ ምን የለ። በንዴት በመዳፌ ስደልቃት ከጀርባዋ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ሌባ መስለኸኝ ልጮህ ነበር። ጠጋኟ ነህ ለካ! ሳንቲሜን እንደመመለስ አንድ ሽቦ ነካክተህ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ በነፃ አጫወትከኝ። በማግስቱ ስመጣ ደግሞ ተበላሽታ ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ሆን ብለህ ሽቦ እየነቀልክ የምታበላሻት አንተ እንደነበርክ የነገርከኝ ከተጋባን በኋላ ነው። አይ አራዳ!

ከስንት ዘመን በኋላ ያችኑ ማሽን ከአንድ መጋዘን ዝገት በልቷት አገኘሃት። ሶፋዬን አስወጥተህ እሷን ስታስገባ፣ ወይ እሷ ወይ እኔ ብዬ ተነሣሁ። አንተ ቆጣም ሳትል፣ አንቺን ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ እንዴት ብዬ አስወጣታለሁ አልከኝ። ሦስት ዓመት ፈጀህባት። በመጨረሻ አልቃለች፣ ለግንቦት ልደታ እናበራታለን፣ የመጀመሪያዋ ተጫዋች አንቺ ነሽ ብለኸኝ ሳምንት ሳይሞላህ ታመምክ። ያን ዓመት ግንቦት ልደታ መምጣቱንም አላየሁ።

ዘንድሮ ሙት ዓመትህን አውጥተን ጥቁሬን ካወለቅኩ በኋላ፣ ልብስህን ለማውጣት ጨከንኩ። ደህና ደህናውን ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን ሰጠሁ። ቁም ሣጥኑ ሥር ግን ያ ግራጫ ሹራብህ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ተገኘ። ግራጫ ክር አልቆብኝ ክርኑን በአረንጓዴ የጠቀምኩልህ፣ ያ። ከበድ ይል ነበር። ያንተ ልብስ መቼ ብሎን ጠፍቶበት ያውቃል ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያልፈታሁት ጠረንህን ፈርቼ ነው። ከፈታሁት መስጠት አልችልም ነበር። ልዋጩ ዕቃውን ተሸክሞ በበር ሲያልፍ እንደታሰረ ሰጠሁትና ሰማያዊ ሳፋ ሰጠኝ። ያውም ተከራክሬ ትልቁን።

ግንቦት ልደታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኑረዲን፣ የታዴን ቃል እንፈጽም፣ አውሮፕላኗን እናብራት ብሎ መጣ። ጀርባዋን ከፈተ። ባዶ! አንጎሏ የሆነው ቦርድ የለም። እኔ ውስጧ ያለ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ ተረጋግቶ፣ ታዴ እኮ እርጥበት እንዳያገኘው ሁልጊዜ በሹራቡ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሹራቡን አምጪው አይለኝ መሰለህ። ሳፋው ፊቴ ተቀምጧል፤ ልብስ ዘፍዝፌበት። በአንድ እጄ የሦስት ዓመት ድካምህን ለፕላስቲክ ሰጥቼ! የሞትክ ለት እንዳለቀስኩት ያን ቀን እንደገና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ልዋጩን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። በሳምንቱ፣ ልዋጭ እያለ ብቅ ሲል፣ ሹራብህን ለብሶታል። አረንጓዴው ክርን ከሩቅ ታየኝ። አንተ የመጣህ መሰለኝ፤ አልደብቅህም። ሰውዬው ልቀበለው የፈለግኩ መስሎት ማውለቅ ሲጀምር ተው አልኩት። ላንተ ሰፊ ነበር፤ ለሱ ልክ ሆኗል። ውስጡ የነበረውን ዕቃ ግን ምናለሽ ተራ ከውራጅ ጋር ሸጦታል። ደግ ሰው ነው፤ ራሱ ይዞን ሄደ፤ እኔና ኑረዲንን። ሳፋውን አጥቤ ይዤው ሄድኩ፤ በሳፋ የሄደ በሳፋ ይመለስ ብዬ።

ታድዬ፣ ያ ክምር! የቴሌቪዥን ሆድ፣ የሬዲዮ ሆድ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ኑረዲን እንኳ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ግን ስንቱን የጠፋ መዝገብ አቧራ ውስጥ ገብቼ ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ጀርባዬን ስትለበልበኝ አንዱን ገልበጥ ባደርገው ጀርባው በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። ቀለሙን አወቅኩት። የጥፍር ቀለሜ ነው! ያ ጠፋብኝ ብዬ፣ እህቴን ወስደሻል ብዬ፣ እስከ ፋሲካ ያኮረፍኳት ቀይ የጥፍር ቀለም! ኑረዲን እንደነገረኝ ለካ በይደህ የጨረስከውን ቦታ ሁሉ፣ ዳግም እንዳትደክምበት፣ ነጥብ ታደርግበት ነበር። ስንፋረድ አጠገባችን ቁጭ ብለህ ሽሮህን ስትበላ ትንፍሽ አላልክም እኮ! እስቲ ልጠይቅህ፣ አንተስ ጥፋተኛ አይደለህም?

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ውሰጂው እማማ አለኝ፤ ሳፋውን በግድ ሰጥቼው መጣሁ።

ቦርዱ ክምሩ ውስጥ ሳለ አንድ ቦታ ለቆ ነበር። ኑረዲን መበየጃውን ካውያ አስጨበጠኝና እንዴት እንደሚበየድ አሳየኝ፤ እኔው በየድኩት። ከዚያ ሱቅ ሄጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁና ካንተ ነጥቦች አጠገብ የራሴን አንድ ነጥብ አደረግኩ። ትንሽ ፈሶብኛል፤ ታየዋለህ።

ግንቦት ልደታ ለት ጎረቤቱ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ደጅ ተሰበሰበ። በሩን ከፍተን አውሮፕላኗን ወደ ደጁ አዙረናት ነበር። ኑረዲን ሶኬቱን ሰካ። መጀመሪያ ስክሪኗ ላይ ጭረት፣ ከዚያ ያ የድሮ ዜማዋ፣ ከዚያ አውሮፕላኗ! ቃልህ ነውና የመጀመሪያዋ ተጫዋች እኔ ሆንኩ። ደቂቃ ሳልቆይ ተከሰከስኩ። እትዬ አስካለ አፋቸው ንፍሮ እንደሞላ ዞር በይ፣ ተራ ልቀቂ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣ ታድዬ። ካንተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት፣ ሁሉም ሥራው ሲሄድ፣ ሻዬን ቀድቼ አስቀመጥኩና ከአውሮፕላኗ ጀርባ ገብቼ ሆን ብዬ አንዷን ሽቦ ነቀልኩ። ያኔ እኔን ለማምጣት የምትነቅላትን። ዞሬ መጥቼ ቁልፏን ብጫን ጭጭ አለች። በመዳፌ ደለቅኳት። እንዳታፍርብኝ፤ ትንሽ ጠበቅኩ። ማንም ብቅ አላለም። ናፍቀኸኛል፤ በጣም ናፍቀኸኛል።

ከዚያ ራሴ ከኋላ ገባሁ። ቀይ ነጥቦችህ ተደርድረው ነበር። ሽቦዋን በቦታዋ መለስኳት፤ በራች። እስካለሁ ድረስ ስትበላሽ የምጠግናት እኔ ነኝ፤ የጥፍር ቀለሙም ገና ብዙ አለ። አልረሳህም። አቧራ ለብሼ ከጀርባዋ ብቅ ስል ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደ ቀዘቀዘ ጠጣሁት።

ሚስትህ ዘውድነሽ