አያ ዘመነ የወጣበት ወንበር

ለማከብርህ ወንድም ጥላዬ ትዕዛዙ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለው? የብርጓልስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? የጅማ ዝናብ ዘንድሮስ ፋታ ሰጣችሁ? እኔና ልጄ ትንቢት መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። እኔማ ከገና ወዲህ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት ሳያማኝ አልቀረም። በስልክ እንዳልነግርህ ሳቄ አላስጨርስ ይለኛል ብዬ ልጽፍልህ ተቀመጥሁ።

በአባታችን ተዝካር ዕለት አያ ዘመነ ልጄን ምን እንዳደረጋት አትረሳውም። የእድር ዳኛ ነኝ፣ የአባታችሁ የአጎት ልጅ ነኝ ብሎ «ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ይቺን ዘገምተኛ ከሰው ፊት ዞር አድርጓት» አለና ማገዶ ቤት አስገብቶ ቆለፈባት። እስኪመሽ በሩን ስትደበድብ ዋለች። አንተም «ተይው ፋንታዬ፣ ለእግዜር ስጪው» አልኸኝ። ሰጠሁት። ግን እግዜርም ሥራ ይበዛበታል ብዬ ከፍርዱ ትንሿን ለራሴ አስቀርቼ ነበር።

ዘንድሮ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ጸጋው የሚባል አስተማሪ እንደ ትንቢት አእምሯቸው ቀስ የሚለውን ልጆች ከዲያቆናቱና ከተማሪዎቹ ጋር አደባልቆ የገና ቲያትር አዘጋጀ። ታሪኩ እረኞች የገና ዱላቸውን ይዘው ሄሮድስን ቤቱ ድረስ ሄደው ሲሰድቡት ነው፤ በገና ዕለት በተጫዋች ስድብ መቆጣት ነውር መሆኑን ታውቃለህ። ትንቢት የእረኞቹ አለቃ ሆነች። ሕፃናት ያስፈጀውን ሄሮድስን እሆናለሁ የሚል ግን ጠፋ። መምህሩም «ወንበሩ ራሱ ሄሮድስ ይሁን» አለና መድረኩ መካከል ከፋይ የለበሰ ትልቅ ወንበር አቆመ፤ እግሩ ሥር ምንጣፍ።

የገና ዕለት ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። አያ ዘመነ እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ከዘራውን እያወዛወዘ ገባ። ግራ ቀኝ ቃኘና ያን ወንበር አየው። ለእርሱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው! ማንም ሳይጋብዘው መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ዘፍ! መምህሩ ደንግጦ ሊያስነሣው ሲል ኮቱን ጨምድጄ ያዝሁት። «ተወው፣ ቦታው ነው» አልሁት።

ልጆቹ ወጥተው ከበቡት። ትንቢት ፊት ቆማ፣

ሄሮድስ ቦርጫሙ፣ ሄሮድስ ጉረኛ፣
ሕፃን ያሳድዳል እንቅልፉን ሳይተኛ፣

ስትል አዳራሹ ፈረሰ በለኝ። እርሱ ሌላ ሰው የተሰደበ መስሎት አብሮ ሳቀ እኮ! ኋላ ሲገባው ብድግ አለ። ትንቢት ወንበሩን በዱላዋ እያሳየች «ቁጭ በል! አልጨረስንም» አለችው። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ «አያ ዘመነ፣ ገና ነው እኮ! መቆጣት የለም!» ይሉታል። ምን ያድርግ፣ ቁጭ አለ። ያኔ በልምምዱ ያልነበረ ነገር ተናገረች። «አንተ ማገዶ ቤት ቆልፈህብኛል። ጨለማ ነበር» አለችው።

ወንድምዬ፣ ሳቁ ቀጥ አለ። እኔስ የረሳችው መስሎኝ ነበር። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት፤ ጠገብሁ ብልህ ውሸት ነው። እርሷ ግን ወደ ቦታዋ ተመልሳ ግጥሙን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው።

በማግሥቱ ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጇ አዋርዳኛለች፣ ትካሰኝ» ነው የሚለው። እኔም «የበደለው ትንቢትን ነው፤ መጥቶ እርሷን ይቅርታ ይጠይቅ። እምቢ ካለችውም አላባብልለትም» ብዬ መለስኋቸው። ይህ መልስ ላንተም ነው፣ ወንድም ጥላዬ። ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠህ የበሩን ድብደባ ትሰማ ነበር። ለፋሲካ ስትመጣ እኔን ከመሳምህ በፊት ወደ እርሷ ሂድ።

የብርጓልን ናፍቃሻለች በልልኝ። ሙሉብርሃንን ጉንጮቿን፣ ፍሥሐን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ለአከራያችሁ ለእማማ ወለተ ሐዋርያትም እጅ ነሥቻለሁ። ትንቢት ለሁሉም በየስማቸው ሰላም ብላለች። «ለአጎትሽስ?» ስላት «ይምጣና እናያለን» አለችኝ።

እህትህ ፋንታነሽ
ደምበጫ፣ ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.