ሽፍታው ቁልፍ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይወጋሻል? ዓይንሽስ? ልጆችሽና የልጅ ልጆችሽስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር፣ ሌላውን ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ።

ፖስታውን ከፍተሽ ይህን የማሽን ጽሑፍ ስታዪ ክው እንዳትዪ። የፍርድ ቤት መጥሪያ አይደለም፣ እኔው ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ ስጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ እንደ መሥሪያ ቤት በታይፕ ስመጣብሽ "ይቺ ልጅ ኮራች" ትዪኝ ይሆናል። ለጊዜው ልምምድ ነው በዪው። አሁን የምሳ ሰዓት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳለሁና አንዳንድ ቦታ ነገሬ ቢቆራረጥ አትፍረጂብኝ።

ባለፈው እንደጻፍኩልሽ፣ የጤና ጣቢያችን መዝገብ ክፍል ጥቁር ጥቁር መዝገቦች ተሰብስበው በቦታቸው ኮምፒውተር ተተክሏል። ኃላፊያችን ሰብስቦን በእጅ መጻፍ ቀረ አለ። በወሩ መጨረሻ ፈተና አለ፣ በደቂቃ ሃያ ቃል ያልጻፈ ሌላ ቦታ ይፈልግ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት በሚሄድ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ሰው፣ ፋይሉ ከቅጥር ወረቀቱ ጀምሮ ይመረመራል አለ። ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን ፈራሁ፣ ለምን እንደፈራሁ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሃያ ሁለት ዓመት የበሽተኛ ካርድ ስሞላ "የሷ ጽሑፍ የታተመ ይመስላል" ሲሉኝ የኖርኩት ሴትዮ፣ አሁን በእውነት አትሚ ስባል እጄ ያልተገራ በቅሎ ሆኖ ቁጭ አለ። እንድታስተምረኝ የተመደበችው ልጅ ዝናቧ ትባላለች። ቁልፎቹን ስትነካ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ስለሚመስል ነው። ደግ ልጅ ናት። ጣቴን እንዳላይ በእጆቼ ላይ ፎጣ ጣል ታደርግና "እማማ፣ ዓይንዎን ለወረቀቱ፣ ጣትዎን ለራሱ ይተዉት" ትለኛለች። ቤት ደግሞ የቁልፎቹን ሥዕል ካርቶን ላይ ስዬ፣ ሽንኩርቱ እስኪበስል ጠረጴዛው ላይ እንደ እብድ በጣቴ እንኳኳለሁ።

የኛ ፊደል በማሽኑ ላይ እንዴት መሰለሽ፤ ቤተሰቡ ሁሉ አልሰፈረም። አንዱን ትነኪና ኡ ኢ የሚለውን ድምፁን በሌላ ቁልፍ ታስከትያለሽ። ጠን ለማውጣት ደግሞ የምትነኪው የተን ቁልፍ ነው፣ ግን በግራ ትንሿ ጣትሽ ዳር ላይ ያለውን ሺፍት የሚሉትን ተጭነሽ መያዝ አለብሽ። ካልያዝሽው ጠ የነበረው ተ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን "ጤና ጣቢያ" ብዬ ጻፍኩና ቀና ስል "ቴና ታቢያ" ይላል። ዝናቧ አፉን የሚፈታ ሕፃን ይመስላሉ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ይህ ሺፍት አይደለም፣ ዳር ላይ አድፍጦ ፊደል የሚዘርፍ ሽፍታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሁሉ "ሽፍታውን ያዢው" ይባባላል። ስቀን ነበር እታለም።

ልምምድ ከጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መንገድ ላይ ወድቀው ያገኛቸውን ሽማግሌ በመኪናው አምጥቶ አስገባ። ሰውየው ራሳቸውን ስተው ነበር፣ እስከ ዛሬም አንድ ቃል አልተነፈሱም። የተቀበለቻቸው ነርስ ሾፌሩን ጠይቃ በእጇ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ያን እኔ በማሽን ገልብጬ፣ እሷ ፈርማበት ወደ ፖሊስ ሄደ። ነርሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ በማግስቱ ለመውለድ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች። እኔም ጉዳዩን ረሳሁት።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ አንዲት ወጣት ሴት በመስኮቴ ወረቀት አቀበለችኝ። የሾፌሩ ሚስት ናት። ባሏ ከታሰረ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሽማግሌውን ወድቀው አገኘኋቸው እያለ ቢምልም የሚሰማው አላገኘም። ግልባጩን ከፖሊስ ጣቢያ ሰጥተዋት፣ ማንበብ ስለማትችል የጻፈው ሰው ያንብብልኝ ብላ መጣች።

"እትዬ፣ ልብ ብለው ያንብቡልኝ" አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ሾፌሩ አዛውንቱን መጥቶ አነሳቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያውም አደረሳቸው።"

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በቀስታ፣ "እንዲህ ከሆነ የተጻፈው፣ ታዲያ ለምንድነው መታ ብሎ ተጽፏል የሚሉኝ?" አለች።

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። መትቶ ይላል። ሾፌሩ አዛውንቱን መትቶ አነሳቸው። አፌ ያነበበው ልቤ የሚያውቀውን እንጂ ወረቀቱን አልነበረም። ሽፍታውን አልያዝኩትም ነበር፣ እሱ የሰው ባል ይዞ ሄደ።

ምን እንዳልኳት ልንገርሽና ታዘቢኝ። "ነገ ነይ" አልኳት። በቃ። ወረቀቷን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ሄደች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው አይደለሁም። በማግስቱ ከሥራ በፊት ቀድሜ ገባሁና ሊጣል የተከመረውን የድሮ ወረቀት ካርቶን ፈተሽኩ። የነርሷ ጽሑፍ ከሥር አለ። መጥቶ ይላል፣ ጥርት አድርጋ ጽፋዋለች። በእጅ ሲጻፍ እኮ ጥና ት ሰማይና ምድር ናቸው፤ አንዷ ባለ ሦስት እግር፣ ሌላዋ ባለ አንድ። በእጄ ብገለብጠው ኖሮ ዓይኔ ታስሮ እንኳ አልሳሳትም ነበር። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ማሽኑ ነው። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት፤ ቦርሳዬን ሰው በነካው ቁጥር ልቤ ይሸሻል።

ሚስቲቱ በየቀኑ ትመጣለች። መስኮቴ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ፊቴን ታያለች፤ አትጮህ፣ አትጠይቀኝ። እኔ ፋይል ከፍ አድርጌ እከለልባታለሁ። አንድ ቀን ዝናቧን እንደ ዋዛ፣ ሰው ከፖሊስ ጋ የደረሰ ወረቀት ላይ ቢሳሳት ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት። በእጁ ማመልከቻ ጽፎ፣ በስሙ ፈርሞ ለዳኛው ይሰጣል አለች። ቀጥላም እየሳቀች፣ "ከዚያ እማማ፣ ኃላፊው ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወርደዋል" አለችኝ።

እታለም፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ መነጽርሽን አውልቀሽ ግድግዳ ግድግዳ እንደምታዪ አውቃለሁ። ፋይሌ ውስጥ ከሁሉም በታች ምን እንደተቀመጠ ከኔና ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበርሽ። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳልደርስ እንዳቋረጥኩ እናታችንም ሳትረሳው ሞታለች። በእጅሽ የጻፍሽልኝን፣ አሥረኛ ክፍልን አጠናቃለች የምትለዋን ወረቀት ይዤ ለቅጥር ስሮጥ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ አውራ ጣቴ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቶ ምላሴ ላይ አድርጌ በምራቄ ጠረግሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኛስ እያደር ከበደ። አንቺ ኋላ መምህርት ሆነሽ፣ ዛሬ በሰላም ጡረታ ወጥተሽ፣ ሰፈሩ "የኛ መምህርት" እያለ የሚያከብርሽ ሰው ነሽ። የኔን ፍርሃት አንድ በዪ፣ ያንቺን ሁለት።

ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልዋሽሽም። ታይፕ ባለቤት የለውም፣ ማን ያውቅብኛል አልኩ። ሰኞ ፈተናው ነው፣ አሁን ሃያ አምስት ቃል ደርሻለሁ፣ አልፈዋለሁ። ትናንት ግን ያቺ ልጅ ከአግዳሚው ተነስታ ወደ መስኮቱ መጣች። ጉድ ፈላ አልኩ። እሷ ግን ለካ ምሳዬን ሳልነካ ስከድነው አይታ ኖሯል፣ "እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?" አለችኝ። ባሏን ያሳሰርኩባት ሴትዮ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የባሏ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነገ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ማመልከቻውን ዛሬ ጠዋት ጻፍኩት፣ በእጄ። ፊደሉ አልተንቀጠቀጠም፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ፣ ወገቡ ቀጥ፣ እግሩ እኩል። የነርሷን ወረቀት ከሱ ጋር አያይዤዋለሁ። እንዴት እንደምፈራ ልነግርሽ አልችልም። ዳኛ ፊት ቆሜ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይህን ነው መሰል።

አሁን የምነግርሽን አንድ ጊዜ አንብቢና ከዚያ ወረቀቱን ተዪው። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁሉ ትናንት ማታ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ልጅሽ የታመመ ጊዜ የጻፍሽውን፣ እናታችን የሞተች ጊዜ በእንባ የራሰውን ጭምር። አንዷን ላስቀር ብዬ አንስቼ ነበር፣ መልሼ ጨመርኳት። አንቺም የኔዎቹን እንደዚያው አድርጊ። ለጊዜው መልስ በእጅሽ አትጻፊልኝ፤ ከጻፍሽም እንደኔ በማሽን አስጽፊ። ፋይሉን አውጥተው ያቺን ወረቀት ይህ የማን እጅ ነው ቢሉኝ፣ የኔው ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። የኔን እጅ ያየ ሰው ሁሉ ያምነኛል። ትዝ ይልሻል፣ አባታችን ሁለታችንን ደብተር አስይዞ "የቱ የማነው?" እያለ ሲጠፋበት የምንስቀው? አሁን ይጠቅመናል።

በይ እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ይህን አትሜ ከማሽኑ ላይ አጠፋዋለሁ፣ ከሰዓት ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። አንቺ ጋ ሲደርስ ነገሩ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ሆኗል። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ከልጆችሽ ክፉ አያሰማሽ። በዚያ ክረምት በጻፍሽልኝ ወረቀት ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁና አንድም ቀን እንዳትጸጸቺ።

አቧራው ሲበርድ፣ ስምሽን የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ፣ መጥተሽ እዪኝ። ቃሏን ሦስት ጊዜ ተመልክቻታለሁ፣ መጥተሽ ነው የምትለው። ሽፍታውን አጥብቄ ይዤዋለሁ።

ፊርማ አላኖርኩበትም።

ፊደል ያስቆጠርሻት፣
ታናሽ እህትሽ