ዓይኔ የደከመበት ጉዞ

ሻዕባን 3

ከዝፋር ወደብ ወጣን። ነፋሱ ከኋላ ነው፤ ልዝብ። አሥራ አራት ፈረስ ጭነናል፣ ሕንድ አገር፣ መንጀሩር ላይ ገዢ ይጠብቃቸዋል። ምሳ ሩዝና የደረቀ ዓሣ። የመርከቡ አዛዥ ሱዌይድ፣ ሙሐና ሆይ፣ አንተ መንገዱን ካሳየኸኝ እኔ መተኛት ነው ሥራዬ እያለ ሲቀልድ ዋለ። ሠላሳ ዓመት ሙዓሊም ሆኜ፣ በኮከብ መንገድ እየፈለግሁ፣ መርከብ መርቻለሁ። አምኖኝ መተኛቱ አይገርምም።

ሻዕባን 7

ሲመሻሽ የሰሜኑን ኮከብ ልለካ ወጣሁ። ከመለኪያዋ ሰሌዳ የተንጠለጠለውን ክር ቋጠሮ በጥርሴ ያዝኩ፣ የሰሌዳዋን ታች ከባሕሩ ጠርዝ ጋር አገጠምኩ... ከላይ ኮከብ የለም። ወተት የፈሰሰበት የመሰለ ነገር ብቻ። ሰማዩ ግን ጠርቷል ይላሉ። ቅርቡን አያለሁ፣ ይኸው እጽፋለሁ። ሩቁ ነው የከዳኝ።

ሱዌይድ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ትናንቱ ነው አልኩት። ትናንትስ አይቼው ነበር?

ሻዕባን 9

ዛሬም ገመትኩ።

ሻዕባን 12

መሪውን የሚይዘው ኸልፋን በጎን እያየኝ ነው። ከትእዛዝ በቀር ቃል ካልተለዋወጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። የዚያን ጊዜ አንድ ባለመርከብ፣ ኸልፋን ሙዓሊም መሆን ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ገና ነው አልኩ። ገና አልነበረም። እንጀራዬን ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ነፋሱ ዞሯል። ወደ ደቡብ እየገፋን ይሆን?

ሻዕባን 14

ከመግሪብ በኋላ ሰሌዳዋን ይዤ ኸልፋን ዘንድ ሄድኩ።

"ኮከቡን እይልኝ" አልኩት።

አልደነገጠም። መሪውን ለሌላ ሰው ሰጠና ሰሌዳዋን ተቀበለኝ።

"መቼ ይሆን የሚጠይቁኝ እያልኩ ነበር። ባለፈው እኮ ኮከቡ ደመና ውስጥ ነበር። እርስዎ ግን ለኩት።"

ሦስት ጊዜ ለካ። ኮከቡ እኔ ከምናገረው ከአንድ ጣት በላይ ወርዷል። እንግዲያ ወደ ደቡብ ወርደናል ማለት ነው። ፊታችን እነዚያ ዝቅ ያሉ ደሴቶች አሉ፤ ድንጋያቸው ከውኃ በታች ነው፣ ስንቱን መርከብ የበላ።

"ለሱዌይድ ቁጥሩን እርስዎ ይንገሩት" አለኝ። "እኔ ምንም አላየሁም።"

ሊሸፍንልኝ ነው። እኔን! እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ልለው ነበር...

ለሱዌይድ ሁሉን ነገርኩት። የሰባት ቀኑ ሁሉ ግምት ነው፣ የዛሬው ብቻ እውነት ነው፣ እሱም የኸልፋን ነው አልኩት። ከዚያ ወደ ሰሜን እንዲያዞሩ አዘዘ። እኔን አላናገረኝም።

ሻዕባን 15

ጎሕ ሲቀድ በስተቀኝ ነጭ አረፋ ታየ። እኔ አላየሁትም፤ የማዕበሉን መሰበር ሰማሁ። በቅርብ ነበር። ከታች ፈረሶቹ ብቻ ይረግጣሉ። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ የገመዱን ጫፍ ይዤ ቆየሁ።

በኋላ ኸልፋን አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ ገና ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

"ታዲያ እንዴት ዝም አልክ?"

"ለማን ልናገር? የእርስዎን ቃል ትቶ የኔን ማን ይሰማ ነበር?"

ቴምር አወጣ፣ ለሁለት ከፈለው። በላን።

ሻዕባን 23

መንጀሩር። ፈረሶቹ አሥራ አራቱም በእግራቸው ወረዱ። ሱዌይድ ዛሬ አናገረኝ። በመመለሻው ሙዓሊሙ ኸልፋን ነው አለ። ቀጥሎ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ዙልቃዕዳ 8

ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ ነፋሱ ወደ አገር ዞሯል፤ ከወጣን አምስተኛ ቀን። ከሸራው ጥላ ሥር ተቀምጬ ገመድ እፈትላለሁ።

አመሻሹ ላይ ሱዌይድ "ሙዓሊም!" ብሎ ተጣራ። ብድግ አልኩ። የጠራው ኸልፋንን ነበር። ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ኸልፋን ኮከቡን ለካ። ለሱዌይድ ከመናገሩ በፊት ወደ እኔ መጥቶ ቁጥሩን በጆሮዬ ነገረኝ። የነፋሱን ጉልበትና የሄድንበትን ቀን በጣቴ አሰላሁ።

"ልክ ነው" አልኩት። "ሂድ ንገረው።"