ውድ ልክነው፣ ጠፍተውብናል

ለምወድህና ለማከብርህ አባዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ስትነሣ የሚይዝህ ነገር ለቀቅ አደረገህ? ታላቅ እህትህ እትዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ጆሮዋስ አሁንም የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው? እኔ ልጅህ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። «ከናፍቆትህ በስተቀር» ሁሉም ሰው ደብዳቤ ላይ የሚጽፈው ነገር ነው ብለህ እንዳታልፈው። ዘንድሮ እውነት ሆኖብኝ ነው የጻፍኩት።

ፊደሉን እንዲህ ያገዘፍኩት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም። ልጅቷ ተመልሳ አንደኛ ክፍል ገባች እንዴ ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ ምክንያቱን እያነበብክ ስትሄድ ታገኘዋለህ። በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቁጭ በልና ቀስ ብለህ አንብበው። ለእትዬ ጮክ ብለህ እንዳታነብላት። መጀመሪያ አንተ ጨርሰው፣ ከዚያ የፈለግኸውን ያህል ታነብላታለህ።

አባዬ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርህ። እነዚያ በስልክህ የሚመጡልህ የሱቅ መልእክቶች አሉ አይደል? «ውድ ልክነው፣ ዛሬ በሳሙና ላይ ታላቅ ቅናሽ አለን» ምናምን የሚሉት? እነሱን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ።

እኔ የምሠራበት ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆኖ ሒሳብ መቀበል ብቻውን አይበቃም። ሰው ዕቃውን ደርድሮ ሲመጣ፣ ገንዘቡን ከመቀበሌ በፊት ስልክ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ከቻልኩም የልደት ቀኑን መጠየቅ አለብኝ። ቁጥር ካላስገባሁለት ማሽኑ ደረሰኝ አላወጣም ብሎ ይገተራል። አንዳንዱ ሰው ስልኩን እያየ፣ ምን እንደጠየቅሁት እንኳ ሳይሰማ ይነግረኛል። አንዳንዱ «ዳቦ ልገዛ መጣሁ እንጂ ልታጪኝ ነው እንዴ?» ይላል። አንዲት የጥርስ ሐኪም ደንበኛ አለችን፤ «ልጄ፣ ለሁለት ኪሎ ቲማቲም የተወለድኩበትን ቀን ምን አደረገው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ከኋላዋ ሰልፉ እስከ ሩዙ መደርደሪያ ተጠማዟል፣ ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ታየኛለች። ብዙ ቁጥር የሰበሰበች ካሸር ፎቶዋ ምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ትንሽ የሰበሰበች ጋሪ ልትሰበስብ ደጅ ትወጣለች፣ ፀሐይም ይሁን ዝናብ።

በዚያ ጭንቀት መሀል ጣቴ ራሱ ሄዶ ያንተን ቁጥር መታ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ያንተ ብቻ ነው፤ የራሴን እንኳ ስልኬን ሳላይ አልናገርም። ስልክ የገዛህ ሰሞን ታስታውሳለህ? «ከጠፋሽ፣ ላገኘሽ ሰው ይሄን ቁጥር ንገሪው» ብለህ በስፌት መኪናው ምት ታስጠናኝ ነበር። እግርህ ፔዳሉን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እኔ ቁጥሩን ስዘምር፣ እትዬ «ኧረ ይቺ ልጅ ራሴን በጠበጠችው» ስትል። ያኔ ጠፍቼ አላውቅም። ቁጥሩ ግን አፌ ላይ ቀረ።

ማሽኑ ቀጥሎ ስም አለኝ። የመታወቂያ ስምህን ልጽፍ ከበደኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ልክነው» ብዬ መታሁ። እጅጌው ረዘመ ሲሉህ «ልክ ነው»፣ ሱሪው ጠበበ ሲሉህ «ልክ ነው፣ ሰውነትህ ነው የተሳሳተው» እያልክ የሰፈሩ ሰው ያወጣልህን ስም። ከዚያማ ለመደብኝ። ቁጥሬን አልሰጥም ያለ ሁሉ አንተ ሆነ። አባዬ፣ እኛ ማሽን ውስጥ ማን እንደሆንክ ብታይ በሳቅ ትፈርሳለህ። ጠዋት ዳይፐር ትገዛለህ፣ ማታ የድመት ምግብ። የጥፍር ቀለምና የጢም ምላጭ ባንድ ላይ ይዘህ ትወጣለህ። እኔ አንተ የምልህን ሱቁ አንቱ እያለ፣ ለልደትህ ሳይቀር እንኳን አደረሰዎ ብሎ ይጽፍልሃል። የልደት ቀንህን ደግሞ ከአየር ላይ አምጥቼ ነው የሞላሁት፤ እውነተኛውን አላውቀውም። ልጅህ ሆኜ አላውቀውም።

መልእክቱ ወደኔ እንደሚመጣ አላወቅሽም ነበር ወይ ብትለኝ፣ አውቅ ነበር። ያጠፋዋል፣ ምን ይጎዳዋል አልኩ። ሰው የራሱ ሲሆን ነው እንዲህ የሚደፈረው። አንተ የአንዷን ወገብ ልክ ለሌላዋ ስትናገር ሰምቼህ አላውቅም። እትዬ «ያቺን ሴትዮ ስንት ለካሃት?» ብላ ስትነዘንዝህ፣ አንድ ልክ የማትረሳው ሰውዬ «ረሳሁት» ትል ነበር። የዚያ ሰው ልጅ ነኝ እንግዲህ፣ የሰውን ሁሉ ቁጥር ስለቅም የምውለው። ቁጥራቸውን የሰጡኝ ሰዎችም እኮ አንዳንዶቹ የሰው አባት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጇ ከማሽኑ አንሥታ አትክልት ሚዛን ላይ መደበችኝ። እኔ ስነሣ አንተም መግዛት አቆምክ። ሲስተሙ ደግሞ ደንበኛ ሲቀርበት ራሱ ነው የሚጽፈው። «ውድ ልክነው፣ ጠፍተውብናል! እንዴት ነዎት? ምን እናድርግልዎት? መልስዎን በዚሁ ቁጥር ይላኩልን» ብሎ ላከልህ። ይህን ሰው አልጻፈውም፣ አባዬ። ማንም ቁጭ ብሎ ስላንተ አላሰበም። ለጠፋ ሁሉ የሚሄድ አንድ ዓይነት ቃል ነው።

የደንበኛ መልስ የምትቀበል አንዲት ልጅ አለች፤ ቢሮዋ ከመጋዘኑ በላይ ነው። ሰው የሚመልስላት አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው፣ ምስኪን። ረቡዕ ለት ምሳ ስንበላ ስልኳን ይዛ መጣችና «አንድ ሽማግሌ አሉኝ፣ ለያንዳንዱ ማስታወቂያ ቁጭ ብለው መልስ የሚጽፉ» አለችን። ማንበብ ጀመረች። «የዳይፐሩ ቅናሽ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። እኛ ቤት ሕፃን የለም። እህቴ በዕድሜ ትበልጠኛለች እንጂ ገና እዚያ አልደረሰችም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ውኃ ትን እስኪለኝ። ልጅቷ ቀጠለች፦ «ስለ ድመት ምግቡም እግዜር ይስጥልኝ። የእኛ ድመት ግን ሠርታ ነው የምትበላው። አክባሪያችሁ፣ ልክነው ልብስ ሰፊው።» አባዬ፣ ስምህን ስሰማ ምሳ ዕቃዬን ዘጋሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የመጨረሻው ግን አያስቅም» አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የጻፍከውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን በቃሌ ስለያዝኩት ልጻፈው። «ጠፍተውብናል ላላችሁኝ፣ እኔስ አልጠፋሁም፤ እዚሁ መኪናዬ ላይ ነኝ። የጠፋችው ልጄ ናት። ልክነው ብላችሁ ስትጠሩኝ እሷን የምታውቁ መሰለኝ፤ ይህን ስም ከሰፈሬ ውጪ የሚያውቅ የለም። እናንተ ከተማ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እንዴት ነዎት ላላችሁኝ፣ ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም ጀምሮታል። ክር በመርፌ የምታሾልክልኝ እህቴ ናት። ሐኪሙ ይገፈፋል፣ ግን አስታማሚ ይዘህ ና አለኝ። እህቴ መንገድ አትችልም፣ ወንዱ ልጄ ሹፌር ነው፣ አይገኝም። ለሴቷ አልነገርኳትም፣ እንጀራዋን ጥላ እንዳትመጣ። ምን እናድርግልዎት ላላችሁኝ፣ ብታገኟት አባትሽ አልተቀየመም በሉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። አንዷ ካሸር «ምን ዓይነት ልጅ ብትሆን ነው!» አለች። ሌላዋ «እግዜር የሥራዋን ይስጣት» አለች። እኔም አብሬያቸው ራሴን ነቀነቅሁ። አሜን ማለት ነው የቀረኝ፣ አባዬ።

የዚያን ለት ማታ ደወልኩልህ። ስልኩን አንሥተህ በዚያች ለእንግዳ በምታወጣት ድምፅህ «አቤት፣ ከሱቁ ነው?» አልክ። እኔ ነኝ ስልህ «ውይ፣ አንቺ ነሽ? እኛ ምንም አንልም፣ ደህና ነን» አልከኝ። ስለ ዓይንህ ልጠይቅህ ደውዬ፣ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ሥራ እንዴት ነው አልክ፣ ደህና ነው አልኩ፣ ተዘጋ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነን። የምደውልልህ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ቻው እላለሁ። እንዴት ነህ እልሃለሁ እንጂ መልሱን ቆሜ አልሰማህም። ሱቁ ምኑም ሳይገባው ጠየቀህ፤ አንተ ደግሞ የሚሰማህ ሰው ያለ መስሎህ የሆድህን ነገርከው።

በማግሥቱ ለልጅቷ አባቴ ናቸው ብዬ ነገርኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት፤ ፊቴን ስታይ ወንበር ሳበችልኝ። ቁጥሩን አጥፊልኝ ብላት፣ ይሄ ነገር መዝግብ ሲሉት እንጂ ሰርዝ ሲሉት አይሰማም፣ ሥራ አስኪያጇ መፍቀድ አለባት አለችኝ። ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ዓይንህ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። የደነገጠችው ቆይታ ነው። «ልክነው የሚባል ሰው የለም እያልሽኝ ነው? የዓመቱ ምርጥ ደንበኛ ብለን ልንሸልመው ነበር እኮ!» አለች። «ኧረ አለ፤ ከእኛ ሱቅ ግን ክብሪት ገዝቶ አያውቅም» አልኳት።

እና ቁጥርህ ተሰርዟል። ከእንግዲህ ከሱቁ መልእክት አይመጣልህም። ዝም ሲሉህ ተቀየሙኝ ብለህ እንዳታስብ። መልእክቱን ስጭንብህ በደልኩህ፣ አሁን ደግሞ ስወስድብህ ሌላ በደል መሰለኝ። እኔንም ሥራ አስኪያጇ ለጊዜው ወደ ካሸርነት አትመለሺም ብላኛለች። ፈቃድ ጠይቄ ሰጥታኛለች፤ ስመለስ ቦታዬ ይጠብቀኝ አይጠብቀኝ እንጃ። እንጀራዋን ጥላ እንዳትመጣ ያልከው ደርሶኛል። አልታዘዝህም።

ደብዳቤውን ወንድሜ በዚያ በኩል ሲያልፍ ያደርስልሃል። እሱም ስለ ዓይንህ አያውቅም ነበር፤ ስነግረው መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ። እኔ ቅዳሜ እገባለሁ። ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን፤ አስታማሚህ እኔ ነኝ። እስከዚያ ጥቁር ጨርቅ እንዳትነካ፤ ደንበኛ ቢያስቸኩልህ የመጣው ይምጣ ብለህ መልሰው። ስመጣ ያሉህን መርፌዎች ሁሉ በየቀለሙ ክር አሹልኬ እሰካልሃለሁ። አልቀርም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልምልልህ ስል እጄ ቆመ፤ ከእንግዲህ በዓይን አልምልም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። አንተ ለሁሉም ነገር ልክ ነው ትላለህ፤ ይህን ያደረግኩህን ልክ ነው እንዳትለኝ። ተቆጣኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኛል።

እትዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ የዳይፐሩን ቀልድ ግን ከነገርካት በራስህ ፈረድክ። ጎረቤትህን ፀጉር አስተካካዩን ሰላም በልልኝ፤ እስክመጣ መንገድ ስትሻገር ክንድህን እንዲይዝህ ለምኜዋለሁ በለው። ወንድሜን ደብዳቤውን ሲሰጥህ ራት ሳይበላ እንዳትለቀው። ድመቷንም፣ ሠርታ የምትበላዋን፣ ሰላም ብያለሁ። የስፌት መኪናህን ዘይት አጠጣልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ለዚያ ለመጨረሻው መልእክትህ ሱቁ እስካሁን አልመለሰልህም። ልጅቷ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጨንቋት፣ እኔ ልመልስልሽ አልኳት።

ውድ ልክነው፣ መልእክትዎ ደርሶናል። የጠፋችው ልጅዎ ተገኝታለች። ስናገኛት ቁጥርዎን በቃሏ ነገረችን።

ልጅህ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ
እሑድ፣ ሰኔ 14 ቀን