ወይዘሮ ሄልሚ ካርቮነን እና የሳልሚ ድምፅ

ወይዘሮ ሄልሚ ካርቮነን ከአባታቸው ከአቶ ኦስካሪ ላይኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊና ሳሎ እ.ኤ.አ. በ1906 በሱፒሪየር ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው የፊንላንድ ስደተኞች መንደር በሳልሚ ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጠው ላም እያለቡ ታናናሾቻቸውን አሳደጉ። በ1927 አቶ ኡርሆ ካርቮነንን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

እንግሊዝኛ አጥርተው ያነቡ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው የምርጫ አስፈጻሚ አደረጓቸው። በ1954ቱ የአገረ ገዢ ምርጫ ሳልሚ በሙሉ የወተት ገበሬውን ወገን አቶ ብራንድቮልድን መረጠ። እሳቸውም እንዲሁ። ይሁንና የሳልሚ ሽማግሌዎች «ስሙን ያልጻፈ ቃሉን ይክዳል» ተብለው ያደጉ ናቸውና በምርጫ ወረቀታቸው ግርጌ ስማቸውን ጽፈው ተገኙ። ሕጉ ደግሞ ስም ያለበት አይቆጠርም ይላል። ወይዘሮ ሄልሚ ወረቀቶቹን ለይተው ጣሏቸው። አንዱ የአቶ ኡርሆ ነበር።

ውጤቱ ሲሰማ አቶ ብራንድቮልድ የተሸነፉት ከተጣሉት ወረቀቶች ባነሰ ድምፅ ነበር። እንደገና ይቆጠር ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ የተጣሉትን ወረቀቶች እንዲያስገቡ ሊለምናቸው መጣ።

አቶ ኡርሆም «እኔ ሌባ ነኝ ስሜን የምደብቀው?» አሏቸው።

«ሌባስ አይደለህም። የዚያኛው ሰው ደጋፊ ቢፈርም ኖሮ ግን እጥለው አልነበር?»

በድጋሚ ቆጠራውም ውሳኔያቸውን አልለወጡም፤ አቶ ብራንድቮልድ ተሸነፉ። «ሄልሚ የባሏን ድምፅ በላች» ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእንፋሎት መታጠቢያቸው ይሰበሰብ የነበረው ጎረቤት ቀረ። ወይዘሮ ሄልሚ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምድጃውን ያነዱ ነበር። አቶ ኡርሆ ብቻቸውን ገብተው ብቻቸውን ይወጣሉ። እንጨቱ አለቀ፤ ባልና ሚስቱም ደከሙ።

በቀጣዩ ምርጫ በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ በፊንላንድኛ «ስም አትጻፉ» ሲሉ ዋሉ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከሁሉ አብልጠው የተቀየሟቸው ጎረቤታቸው አቶ ቪልሆ ሀርዩ በእንፋሎቱ ውስጥ ገላቸውን የሚመቱበትን የበርች ቅጠል እስራቸውን ይዘው መጡ። «ሞቋል?» ብቻ ብለው ገቡ።

ወይዘሮ ሄልሚ በልብ ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1968 ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ባለቤታቸው በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ምን እንደሚያስጽፉ ቢጠይቋቸው «ስሜን ሙሉውን ጻፍ፤ እዚያ አያስጥልም» ብለዋል። አቶ ኡርሆ፣ ልጆቻቸው አይሊና ሬይኖ፣ የልጅ ልጆቻቸውም በሕይወት አሉ።

ድካማቸውን አንድም ሳይጥል የቆጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ።